ኑሰይባና ሻይ የሸጠው የደህንነት ኩባንያ

ኑሰይባ ዘይኑዲን ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። «የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ» ስትል «የት?» ይሏታል። «የደህንነት ኩባንያ ውስጥ» ብላ ስትመልስ ሰዉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ይጀምራል። «ኧረ የኮምፒውተር ደህንነት ነው!» ብላ እስክታስተካክል ድረስ፣ አብሯት ማኪያቶ የጠጣ ሁሉ ያን ቀን ምን ምን እንዳወራ ለማስታወስ ይታገላል። እናቷ ወይዘሮ ሳሊሀ ግን ነገሩን አቅልለውታል። ለጎረቤት «ልጄ ኮምፒውተር ትጠብቃለች» ነው የሚሉት። ጎረቤቶቹም ካፖርት ደርባ፣ ዱላ ይዛ ኮምፒውተር ደጃፍ ላይ የምትቀመጥ እየመሰላቸው በብርዱ ወራት ያዝኑላታል።

ተወልዳ ያደገችው ዶሮ ማነቂያ ነው፤ ሰፈሩ ለልማት ሳይነሳ በፊት። አባቷ ከወሎ መጥተው እዚያው ልብስ ሰፊ ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። እጃቸው ወርቅ ነበር፤ አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው። በቀጠሩት ቀን ልብስ አድርሰው አያውቁም። በዒድ ዋዜማ ደንበኛው በሩ ላይ ተኮልኩሎ «ሱሪዬስ?» ሲል፣ አባት ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ ልጃቸውን ይልካሉ። ኑሰይባ ገና የወተት ጥርሷ ሳይነቀል በሩ ላይ ቆማ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቤቱን መግለጫ ትሰጥ ነበር። «አባዬ ያንተን ሱሪ ለየት አድርጎ ነው የሚሰፋው፤ ችኮላ አይወድም» ትላለች። ተናዶ የመጣው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ይመለሳል። አንድ ቀን ታዲያ ነገሩ ጣማትና ገና በመቀስ ያልተነካ ኮት «አልቋል፣ መተኮስ ብቻ ነው የቀረው» አለች። አባቷ ጠርተው አስቀመጧት።

«ስሚ» አሏት፣ «አሳምረሽ ስትናገሪ እኔ ጊዜ አገኛለሁ። አልቋል ካልሽ ግን ነገ ምን ይዤ ልውጣ?»

ኑሰይባ ይህችን ንግግር እንደ መጀመሪያ ዲግሪዋ ነው የምትቆጥራት። በወረቀት ያለው ዲግሪ ኋላ ላይ መጣ፤ እሱን ግን እስካሁን የጠየቃት ሰው የለም።

ከትምህርት በኋላ ያላስተዋወቀችው ነገር የለም። ለኤፍኤም ሬዲዮ ማስታወቂያ የሳሙና አረፋ ሆና ተናግራለች። ለአንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ደግሞ «ከመስኮትዎ ሆነው ከተማዋን ቁልቁል ይመልከቱ» የሚል ማስታወቂያ እንድታነብ ሰጧት። መስኮቱን ለማየት ሄደች፤ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ አህያ ሳር ትግጣለች። ተመልሳ «የቱ መስኮት?» ብላ ስትጠይቅ ሥራዋ አለቀ። «መቀርቀሪያ የሳይበር ደህንነት» ከተባለው ኩባንያ ጋር የተገናኘችው ከዚያ በኋላ ነው።

የኩባንያው ባለቤት አቶ ኪሮስ ይባላሉ። ከመቀሌ ለትምህርት መጥተው ፒያሳ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። ታይፕራይተር በመጠገን ጀምረው፣ ዘመኑ ሲቀየር ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ዘመኑ እንደገና ሲቀየር የኮምፒውተር ጠባቂ ሆኑ። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ አማርኛቸውም እንደዚያው። «ምህዳር» የሚለውን ቃል ሳያስገቡ ምሳ እንኳ አያዝዙም። ቢሯቸው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሲወጣ የሚገኝ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ መቼ እንደቆመ የሚያስታውስ ሰው የለም። ኑሰይባ ለቃለ መጠይቅ የሄደች ዕለት ደረጃውን እያለከለከች ጨርሳ ብትደርስ፣ የመቀርቀሪያ በር ራሱ መቀርቀሪያ የለውም። በሽቦ ነው የሚታሰረው።

«ጋሽ ኪሮስ፣ እዚህ ምንድነው የሚሠራው?» አለች ሽቦውን እያየች።

«ሁሉን አቀፍ የዲጂታል ምህዳር ጥበቃ።»

«ማለት?»

«ማለትማ ሌባ በኮምፒውተር በኩል እንዳይገባ እንከላከላለን።»

«ታዲያ ለምን እንደሱ አይሉም?»

«እንደሱ ካልኩ ማን ይከፍለኛል?»

ሁለቱም ሳቁ። ሥራውን ያገኘችው በዚያች ሳቅ ነው።

ቢሮው ውስጥ ገነነ የሚባል የቴክኒክ ሰውም ነበረ። ገነነ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚግባባ፣ ሳምቡሳውን ኪቦርድ ላይ እያራገፈ የሚበላ፣ «እንደምን አደርክ» ሲሉት ጥያቄው ትክክል መሆኑን የሚያጣራ ዓይነት ነው። ሥራውን ግን አሳምሮ ያውቃል፤ ይህን አቶ ኪሮስም አይክዱም።

የኑሰይባ የመጀመሪያ መግለጫ ውርደት ነበር። አቶ ኪሮስ፣ ኮምፒውተርን ከሰርጎ ገብ የሚጋርደው ፕሮግራም ስም፣ ፋየርዎል፣ በእንግሊዝኛው አይወጣም ብለው ሙጭጭ አሉ፤ «የእሳት ግድግዳ» ተብሎ ወጣ። በማግስቱ አትክልት ተራ አጠገብ ምግብ ቤት ያላቸው ሰውዬ ደወሉ። ኩሽናቸው ዓምና ከቃጠሎ ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ግድግዳው በካሬ ስንት እንደሚሸጥ ማወቅ ፈለጉ። ኑሰይባ ልታስረዳቸው ብትለፋ «ሌላውን ተይው እህቴ፣ አንቺ ውፍረቱን ብቻ ንገሪኝ» አሏት። ገነነ በዚህ ሲስቅ ሳምቡሳው አንቆት ጀርባው ተደበደበ። ከዚያ ወዲህ ኑሰይባ ማንኛውንም መግለጫ ከማውጣቷ በፊት ለእናቷ በስልክ ታነባለች። ወይዘሮ ሳሊሀ «እና ምን ይሁን ነው የምትሉት?» ካሉ እንደገና ይጻፋል።

ሥራውን የወደደችው ግን በቀልዱ አይደለም። አክስቷ ኡሙሰልማ አንድ ጊዜ ብቻዋን ጠርታ ቁርዓን አስነክታ አስምላ የነገረቻት ነገር ነበር። አንድ ትሁት ድምፅ ያለው ሰው ደውሎ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ብሏት፣ በስልኳ የመጣውን የሚስጥር ቁጥር አንብባለት፣ ለሐጅ ያጠራቀመችውን ጠራርጎ ወስዶባታል። ለልጆቿ ትንፍሽ አላለችም። «ዘንድሮ ጉልበቴን አሞኛል፣ ሐጁ ይቆየኝ» ብላ ተቀምጣለች።

«ሌባውን አይደለም የፈራሁት» አለቻት። «ልጆቼ ፋራ እንዳይሉኝ ነው።»

ኑሰይባ ይህን መቼም አልረሳችም። ሰው በኪስ አውላቂ ሲዘረፍ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ድልድዩን ያናውጠዋል፤ በስልኩ ሲዘረፍ ግን አፉን ይዞ እቤቱ ይገባል። ሌባውም ይህን ያውቃል።

ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት ለመቀርቀሪያ ትልቅ ዕድል መጣ። በየክፍለ ከተማው ቅርንጫፍ ያለው አንድ የቁጠባ ማኅበር የኮምፒውተር ጥበቃውን ለአቶ ኪሮስ ሊሰጥ ተስማማ። ፊርማው ጋዜጠኞች ባሉበት፣ ፒያሳ በሚገኝ አንድ አሮጌ ሆቴል አዳራሽ እንዲሆን ተወሰነ። ኑሰይባ አበባውን፣ ማይኩን፣ ጭማቂውን አዘጋጀች። አቶ ኪሮስ ንግግራቸውን አዘጋጁ፤ ምህዳሮቹን ኑሰይባ በእርሳስ ሰረዘች፣ እሳቸው በእስክሪብቶ መለሷቸው።

በዕለቱ ጠዋት ኑሰይባ ታክሲ ውስጥ ሆና ሒጃቧን ስታስተካክል ገነነ ደወለ። ገነነ ደውሎ አያውቅም።

«ገጻችንን አየሽው?»

«የቱን ገጽ?»

«የፌስቡኩን። ሻይ እየሸጥን ነው።»

ከፈተችው። የመቀርቀሪያ ስም ጠፍቶ «ፊርደውስ የማቅጠኛ ሻይ» የሚል ተተክቷል። ከሥሩ አቶ ኪሮስ በኩባንያው የምሥረታ በዓል ላይ ኬክ ሲቆርሱ የተነሱት ፎቶ አለ፤ ቦርጫቸው ከኬኩ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ደርሷል። «ከመጠቀምዎ በፊት» ይላል። አጠገቡ ሆዱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ በጡንቻ የተሸነሸነ የማታውቀው ፈረንጅ ቆሟል። «ከተጠቀሙ በኋላ።» የአራዳ ልጆች ደግሞ ገና በጠዋቱ ገብተው ሙድ ይዘውበታል። አንዱ «ጠንካራ ፓስወርድ ተጠቀሙ ያሉን እሳቸው ቀጭን ተጠቅመው ነው?» ይላል። ሌላው «ሌባውማ ገባ፣ ቦርጩ አላሳልፍ ብሎት ይሆናል የዘገየው» ብሏል።

ኑሰይባ መጀመሪያ ሳቀች። ታክሲው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ሳቀች። ከዚያ የፊርማው ሰዓት ትዝ አላትና ሳቋን አቋርጣ ሹፌሩን «ቶሎ በል!» አለችው።

ቢሮ ስትደርስ አቶ ኪሮስ ግድግዳውን ተደግፈው «ዋይ ኣነ! ዋይ ኣነ!» ይላሉ። ሲደነግጡ ወደ ትግርኛቸው ነው የሚመለሱት። ገነነ ወንበሩን ወደሳቸው አዙሮ ተቀምጧል።

«ትናንት ምን ተጫኑ?» አላቸው።

«ምንም አልተጫንኩም!»

«የሆነ መልእክት መጥቶልዎት ነበር?»

«መልእክትማ… ገጻችሁ እውነተኛ መሆኑ ለሚረጋገጥበት ሰማያዊ ምልክት ተመርጧል የሚል መጥቶ ነበር። ለድርጅቱ ክብር ነው ብዬ…»

«ፓስወርዱን ሰጡ?»

«እነሱ እኮ ናቸው የጠየቁኝ!»

«በስልክዎ የመጣውንስ ቁጥር?»

አቶ ኪሮስ ስልካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ደበቁት። ገነነ የያዘውን ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኑሰይባ ይህን ሲያደርግ አይታው ስለማታውቅ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባት ያኔ ነው። «ቁጥሩን ለማንም አትስጡ» የሚለውን ትምህርት ለየድርጅቱ እየዞሩ የሚሰጡት አቶ ኪሮስ ራሳቸው ናቸው።

ትንሽ ቆይተው ግን ኮታቸውን አስተካከሉ። «ጻፊ» አሏት። «ዛሬ ጠዋት በገጻችን ላይ የታየው ክስተት፣ ኩባንያችን የማኅበረሰቡን የንቃት ምህዳር ለመለካት ሆን ብሎ ያካሄደው ልምምድ ነው።»

«ልምምዱ ላይ ሻይ ለምን ገባ?»

«እውነት እንዲመስል።»

«ጋሽ ኪሮስ፣ ይሄ አያስኬደንም። አንድ ሰው አንድ ጥያቄ ቢጠይቀን አለቀልን።»

«ያንቺ ሥራ ማሳመር አይደለም እንዴ?»

«ያለ ነገር ሲሆን ነው የማሳምረው። ይሄ የለም።»

«እሺ፣ ተይው። ራሴ ጽፌ ራሴ አነበዋለሁ!» ብለው ጨሱ፣ በሩንም ሊያላትሙት ፈለጉ፤ ሽቦው ግን አላላትም አላቸው።

ኑሰይባ ስልኳን እንደገና ከፈተች። ማስታወቂያው ሥር ሻዩን የሚያዝዙበት ቁጥር ነበር። ደወለች። አንዲት ሴት ቶሎ አነሳች።

«ሻይ ነው? ፒያሳ ከሆናችሁ በነጻ እናደርሳለን!»

«እኔ መጥቼ ልውሰድ። የት ናችሁ?»

«ራስ መኮንን ድልድይ ጋ።»

ከቢሮው ሥር ማለት ነው። ኑሰይባ ገነነን ጎትታ ወረደች። ሱቋ የአንድ አልጋ ስፋት ያላት ናት፤ እስከ ጣሪያው በሻይ ካርቶን ተሞልታለች። ባለቤቷ ፊርደውስ ደግሞ በካርቶኖቹ መካከል ጥብቅ ብላ ተቀምጣለች። ደርባባ፣ ሞላ ያለች ሴት ናት። ገነነ ማሽን የለመደ አፉን ሳያስብ ከፈተ።

«አንቺ ሻዩን አትጠጪውም?»

«እኔ ሻጭ ነኝ ወንድሜ፣ በሽተኛ አይደለሁም።»

ኑሰይባ ገጹ የማን እንደሆነ ስትነግራት ፊርደውስ ዘራፍ አለች። ገጹን ተከራይታዋለች። ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ አከራያለሁ የሚል ሰው በስልክ አግኝቷት፣ ከፍላው፣ አስረክቧታል። ፎቶውንም ራሷ ናት የመረጠችው።

«ገጹ ላይ ካሉት ሁሉ ለሻዬ የሚሆነኝ እሱ ነበር» አለች። «ማስታወቂያ የሚሠራ ሞዴል መስሎኝ።»

«የኩባንያው ባለቤት ናቸው።»

«ያ… ኬክ የሚቆርሰው?»

«አዎ።»

ፊርደውስ ስልኳን አንስታ ላከራያት ሰው ደወለች። ጥሪው አያልፍም። ደግማ ሞከረች፣ አያልፍም። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለችና ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ተበላሁ በይኛ። ስሚኝ እህቴ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ። እዚህ አካባቢ ያለው ነጋዴ ሁሉ ይስቅብኛል። እህቴማ ነግሬሽ አልነበር ብላ ዓመቱን ሙሉ ትዘፍንብኛለች።»

ኑሰይባ ፊቷ ላይ ኡሙሰልማን አየች። አጠገቧ ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«ሰውዬውም እንዳንቺ ተበልተው ነው» አለቻት።

«ሞዴሉ?»

«ሞዴሉ።»

«የኮምፒውተር ሌባ እንከላከላለን የሚሉት አላልሽኝም?»

«ናቸው።»

«እና ተበሉ?»

«ተበሉ።»

ፊርደውስ ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሻርፗን አንስታ ብድግ አለች። «ወላሂ እኚህን ሰውዬ ሳላያቸው አልውልም። ገንዘቤንም ማን እንደሚመልስልኝ ይንገሩኝ።»

አዳራሹ ሲደርሱ ሥነ ሥርዓቱ ተጀምሯል። ኑሰይባ ፊርደውስን ኮሪደሩ ላይ አስቆማ «ሲጨርሱ አገናኝሻለሁ» አለቻትና በሩ ላይ ቆመች። የቁጠባ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ደበሳይ፣ ሽበታቸው ያማረ ቀዝቃዛ ሰውዬ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋዜጠኞቹ በጠረጴዛ ሥር ስልካቸውን እየተቀባበሉ ይሳሳቃሉ። አቶ ኪሮስ ወረቀታቸውን አነሱ።

«ዛሬ ጠዋት በገጻችን ላይ የታየው ክስተት» ብለው ጀመሩ፣ «ሆን ብለን ያካሄድነው ልምምድ ነው…»

ድምፅ ማጉያው ኮሪደሩን ሞልቶታል። ፊርደውስ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ሆን ብለን አሉ?»

«አሉ» አለች ኑሰይባ።

«እኔ ላይ ነው ልምምዱ?»

ኑሰይባ እጇ የበሩ እጀታ ላይ ነበር። ገፋ ብታደርገው ይዘጋል፤ ሥራዋም ይህ ነው። ደሞዝ የሚከፈላት ለዚህ ነው። በሩን ከፍታ ገለል አለች።

«ጌታው!» አለች ፊርደውስ በመካከለኛው መተላለፊያ እየነጎደች። «ሆን ብለው ነው የበሉኝ?»

ካሜራው ሁሉ ዞረ። አቶ ኪሮስ ወረቀታቸውን እንደ ጋሻ ያዙ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«የሻዩ ባለቤት ነኛ! እርስዎ ሞዴሌ ነዎት!»

አዳራሹ ተቀወጠ። ፊት ወንበር ላይ ያለች አንዲት ጋዜጠኛ ሳቋን ዋጥ አድርጋ እጇን አወጣች። «አቶ ኪሮስ፣ ልምምድ ከሆነ ይቺ ሴት የከፈለችው ገንዘብ የገባው ለእናንተ ነው ማለት ነው?»

አቶ ደበሳይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ኪሮስ» አሏቸው ዝግ ብለው፣ «ልምምድ ነው ወይስ ተሰርቃችሁ ነው?»

ኑሰይባ ከበሩ ሆና አቶ ኪሮስ ሁለቱን መልስ ሲመዝኑ ታያቸዋለች። ልምምድ ነው ካሉ ሌባ ናቸው፤ አይደለም ካሉ የተሸወዱ ጠባቂ ናቸው። አቶ ኪሮስ በዓይናቸው ፈለጓት። ሁልጊዜ ሲጨንቃቸው ቃል የምታቀብላቸው እሷ ናት። ዛሬ የምታቀብለው አልነበራትም፤ አይሆንም በሚል ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

«ተጫንኩት» አሉ አቶ ኪሮስ። ወረቀቱን አስቀመጡት። «ሰማያዊ ምልክት እንሰጣችኋለን አሉኝ። ያምርብናል ብዬ ፓስወርዱን ሰጠሁ። ቁጥሩንም ሰጠሁ። አትስጡ እያልኩ የማስተምረውን ቁጥር።»

አንድም ሰው አልሳቀም። ፊርደውስ ግን ማይኩ ድረስ ቀረበች።

«ክቡር ደንበኛችን ብሎዎታል?»

«ብሎኛል።»

«እኔንም! ዕድሉ ዛሬ ብቻ ነውስ?»

«እሱንም ብሎኛል!»

ሁለቱ አንድ ዓይነት በሽታ ይዟቸው ሐኪም ቤት በር ላይ እንደተገናኙ ሰዎች ምልክቱን ማመሳሰል ያዙ፤ ጋዜጠኞቹ ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ። አቶ ደበሳይ ይህን ሁሉ ጨርሰው ሰሙ። ከዚያ ማህደራቸውን ዘግተው ተነሱ። «እውነቱን መናገርህ መልካም ነው» አሉ፤ «ለቦርዱ ግን ምን ብዬ ላስረዳ?» ፊርማው ቀረ። ጭማቂውን ጋዜጠኞቹ ጠጡት።

ሰዉ ከወጣ በኋላ አቶ ኪሮስ ወደ ኑሰይባ መጡ።

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

አልለመነችም። ሰፈሩ ከተነሳ ወዲህ ቤተሰቧ ወደሚኖርበት ኮንዶሚኒየም የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ግን ኩሏ እስኪወርድ ድረስ አለቀሰች። ትክክል ነኝ ብላ አይደለም ያለቀሰችው፤ ትክክል መሆኗን እርግጠኛ ስላልሆነች ነው። ሰውየው ሥራ ሰጥተዋታል፤ እሷ ደግሞ በአደባባይ አዋርዳቸዋለች። እናቷ ፊቷን አይተው ደነገጡ።

«ምነው፣ ኮምፒውተሩ ተሰረቀ እንዴ?»

«አዎ እማ።»

«አንቺ እያለሽ?»

ኑሰይባ እንባዋ መሃል ሳቋ አመለጣት።

በቀጣዮቹ ቀናት «ሞዴሌ ነዎት!» የሚለው ቪዲዮ ከተማውን አዳረሰው። አቶ ኪሮስ ፒያሳ ካፌ በገቡ ቁጥር አስተናጋጁ «ለሞዴሉ ማኪያቶ፣ ያለ ስኳር!» ብሎ ወደ ባንኮኒው ይጮህ ጀመር። ፊርደውስ ሻይዋን ካርቶን ሳይቀራት ሸጣ ጨረሰች። የቢሮው ስልክ ደግሞ ሲጮህ ይውላል። ገነነ እያነሳ ያዳምጣል፣ ሰው ሲያለቅስበት ምን እንደሚባል ስለማያውቅ መልሶ ይዘጋል። ሳምንቱ ሳያልቅ አቶ ኪሮስ ለኑሰይባ ደወሉ።

«ስልኩን የሚያነሳ ሰው የለም» አሉ።

ይቅርታቸው ይህ ነበር፤ ኑሰይባም እንደዚያው ተቀበለችው። «እመጣለሁ» አለች። «ግን እኔ ሳላየው አንድም መግለጫ አይወጣም። የበሩም ሽቦ ይነሳና ቁልፍ ይግባለት።»

የሚደውለው ሰው ደንበኛ አልነበረም፤ የተበላ ሰው ነበር። የትምህርት ቤት ገንዘብ ያዥ፣ የሠርግ አዳራሽ የተከራየች ሙሽራ፣ ጡረታ የወጡ ሻለቃ። ብዙዎቹ ለማንም ያልነገሩት ነገር ነው። «ያ ኮምፒውተር የሚያስተምሩት ሰውዬ ከተሸወዱማ…» ብለው ይጀምራሉ። ኑሰይባ ይህን ሰምታ በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ «ተጫንኩት» የሚል አጭር ፕሮግራም ጀመረች። የመጀመሪያዋ እንግዳ ፊርደውስ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ቢያስቆሟትም ሻይዋን አስተዋውቃ ወጣች። አንድ ቀን «ወይዘሮ እገሊት በሉኝ» ያለች ሴት በስልክ ገብታ ስለ ሐጅ ገንዘቧ ተናገረች። ስሟን ብትደብቅም ኡሙሰልማ ድምፅ መደበቅ አታውቅበትም። የመጨረሻ ልጇ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ቤቷ ደረሰ። «እማ፣ ለምን አልነገርሽንም?» ብሎ እግሯ ሥር ቁጭ አለ። ፋራ ያላት የለም።

ሌባው አልተያዘም። ገጹን ገነነ ከብዙ ልፋት በኋላ አስመለሰው። የቁጠባ ማኅበሩ ሌላ ኩባንያ ቀጠረ። መቀርቀሪያ ዛሬ የሚኖረው ለፋርማሲዎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለነጋዴዎች በሚሰጠው ሥልጠና ነው፤ ሰዉም የሚመጣው ሞዴሉን ለማየት ነው። አቶ ኪሮስ ታሪኩን ራሳቸው ይተርኩታል፤ ችግሩ፣ በተረኩት ቁጥር ሌባው እየረቀቀ መሄዱ ነው። በመጀመሪያ አንድ መልእክት ነበር፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የሚያወራ ባለሙያ ሆነ፣ ሰሞኑን ደግሞ ከባሕር ማዶ የተላከ ቡድን ሆኗል። ያኔ ኑሰይባ ከኋላ ወንበር ሆና «እህም» ብላ ትስላለች። «እሺ» ይላሉ አቶ ኪሮስ አቀርቅረው፣ «ሰማያዊ ምልክት ነው።»

ባለፈው ክረምት አንድ በመስታወት ያበደ ሕንፃ ያለው ትልቅ ድርጅት ኑሰይባን ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ክራባት ያሰሩ ሰዎች ተደርድረው ጠየቋት።

«ድርጅታችን የሳይበር ጥቃት ቢደርስበት የመጀመሪያው መግለጫሽ ምን ይላል?»

«ጥቃት ደርሶብናል ይላል።»

ተያዩ። «ለስለስ ያለ አማራጭ የለሽም?»

«ይኖራል። እሱን የሚያነብላችሁ ግን ሌላ ሰው ነው።»

«እናሳውቅሻለን» አሏት፤ አሁን ድረስ አላሳወቋትም። ትንሽ ከፍቷታል፤ ደሞዙ ጥሩ ነበር። ከሕንፃው ወጥታ መንገዱን ሳትሻገር ስልኳ ጠራ። አትክልት ተራ ያለ አንድ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ነው፤ ቃላቱ ከሳጉ ጋር ተደባልቀው አይሰሙም። ኑሰይባ ተረከዙ የረዘመ ጫማዋን አውልቃ የአበባው መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ተንፍስ ወንድሜ» አለችው። «ኮምፒውተሩን አትንካው። ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም። ትስቅብኛለች።»

«አትስቅብህም። እኔ ምናልባት ትንሽ ልስቅ እችላለሁ፤ እሱንም ስልኩን ራቅ አድርጌ ነው።»

ሰውየው ከሳጉ መሃል የሳቅ ነገር አመለጠው። ኑሰይባ ጫማዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «በል አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለችው።